«ሕግ ይላል» አልሁት

ቅጹ አንድ ገጽ ነበር። ከላይ ስም፣ የትውልድ ቦታና የማትሪክ ውጤት፤ መሐል ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫ የሚሉ ሦስት ባዶ መስመሮች፤ ከታች የወላጅ ፈቃድ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈ። ጎንደር የተማርሁበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሰጠኝ፣ «ከመስቀል በፊት ተሞልቶ እጄ ካልገባ ዘንድሮ ኮሌጅ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ወረታ ስመለስ፣ ሰው ሁሉ በመስኮት ወደ ጣራ ገዳም እያየ ሲያማትብ፣ እኔ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አንደኛው መስመር ላይ «እርሻ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። ሁለቱን መስመሮች ባዶ ተውኋቸው። ለምን እንደቸኮልሁ አውቀዋለሁ። ቤት ከደረስሁ በኋላ እንደማልደፍር ገብቶኝ ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ፣ ከርብ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ ከፍ ያለች ቦታ ላይ ነበር። ጳጉሜ ስለነበር ሜዳው ገና ውኃ ነው። ከመኪናው መንገድ ወርጄ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ ቅጹን መጽሐፍ ውስጥ ከትቼ አናቴ ላይ አድርጌ ውኃውን እየረገጥሁ ሄድሁ። አባቴ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከሰላምታው በፊት፣ «እህ፣ ሕግ አገኘህ?» አለኝ። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱ ስለው ሌላ ሰው እየሆነ ያስቸግረኛል፣ ስለዚህ እንደልቤ ልጥራው።

ሕግ የፈለገበት ምክንያት ነበረው። የአባቴና የአጎቱ ልጅ ርስት ድንበሩ ርብ ነበር። ከወንዙ ወዲህ የኛ፣ ከወንዙ ወዲያ የሱ። አያቶቻቸው እንዲያ ብለው ነው የተካፈሉ። አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ መንገዱን ለወጠና በኛ ማሳ መሐል አልፎ ሄደ። ውኃው ሲጎድል፣ ሽምብራ የምንዘራበት ያ ጥቁር አፈር ወንዙን ተሻግሮ ተገኘ። የአጎቱ ልጅ በሬዎቹን ጠምዶ ገባበት። «ድንበሩ ወንዝ ነው ተባለ እንጂ ወንዙ የት ይሁን አልተባለም፤ እግዜር ነው ያመጣልኝ» አለ። አባቴ ደግሞ «ድንበሩ የድሮው ቦይ ነው» አለ። ሰባት ዓመት ተሟገቱ፤ ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር። አባቴ እርፍ ከሚጨብጥበት ቀን ችሎት ደጃፍ የሚቆምበት ቀን በዛ።

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። የሚረታው እውነት አጥቶ ሳይሆን ሕግ የሚናገርለት ሰው አጥቶ እንደሆነ ያምናል። እኔን ከቤት አርቆ፣ ስንቅ እያመላለሰ ያስተማረኝ ለዚያ ነበር። ይህን ደብቆኝ አያውቅም። ገና ፊደል ስቆጥር፣ «ቶሎ በል፣ ድንበሬን አስመልስልኝ» ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ፣ ግን ከምሩ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ፣ የፎገራ በሬ ጉበት ሲሰነጠቅ፣ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ይወጣዋል። አራጆቹ የተበላሸውን ቆርጠው ለውሻ ይጥሉና ደኅናውን ያካፍላሉ፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ላሞቻችን ውኃ ከተኛበት ሣር በልተው በከረሙ ማግሥት መንጋጋቸው ሥር ያብጣል፣ ይከሳሉ፣ ይሞታሉ። «ውኃ መታት» ተብሎ ይታለፋል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ አስተማሪያችን፣ ሕንድ ነበር፣ ያን ትል ሰሌዳ ላይ ሣለው። ከጎኑ አንዲት ቀንድ አውጣ ሣለ። ትሉ በቀንድ አውጣዋ ውስጥ አድጎ ሣር ላይ ይወጣል፣ ላሟም ከሣሩ ጋር ትግጠዋለች አለ።

ቀንድ አውጣዋን አወቅኋት። ጎርፉ ሲሸሽ ከጭቃችን ላይ በእፍኝ የምትታፈስ ናት። ሌላው ተማሪ ሥዕሉን ሲገለብጥ እኔ ተናድጄ ተቀመጥሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ካለ፣ እኛ ዘንድ ሳይመጣ የት ነው ተቀምጦ የከረመ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ኮሌጅ ሳስብ የማስበው ያችን ቀንድ አውጣ ነበር። ኮሌጁ ሐረር በኩል ነው፤ እርሻና ከብት ያስተምራል ሲባል ሰምቻለሁ።

በገባሁ ማግሥት ምሳ ላይ ልሞክረው ብዬ፣ «አባባ፣ ኮሌጅ እኮ እርሻ የሚባል ትምህርትም አለ» አልሁት።

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። «እርሻ? ሐረር ድረስ ሄደህ እርሻ? እኔ ምን ሆኜ ነው አንተዬ! ና፣ ውኃው ይጉደልልንና እርፉን አስይዝሃለሁ፤ አራት ዓመትም አይፈጅብህ!»

እናቴም ሳቀች። እሷ ግን ኮሌጅ የተባለውን ነገር ከነአካቴው አትፈልገውም ነበር። «ሕጉም ይቅር፣ እርሻውም ይቅር» አለች። «አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሁሉ አስተማሪ ሆኖ ተቀጥሮ ይኖር የለም ወይ? እዚሁ ወረታ አስተምር። እሑድ እሑድ አይሃለሁ። አራት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አንተ አታውቀውም፣ ልጅ ነህ።»

ደሜ ፈላ። የናቴ ነገር ግን እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው ወዲያው ሥራ ያገኛል፣ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል። አራት ዓመት ሄጄ ምን ይዤ እንደምመለስ እኔም አላውቅም። የማውቀው አንዲት ቀንድ አውጣ ነው። በማግሥቱ አባቴ «ወረቀቱን አምጣው፣ እንጨርሰው» ባለ ጊዜ ገና ከራሴ ጋር እየተሟገትሁ ነበር።

ደጅ መደቡ ላይ ተቀመጥን። አባቴ እጁን ታጥቦ፣ በጋቢው ጫፍ አድርቆ ነበር። ሳይነበብለት አውራ ጣቱን የትም አያሳርፍም፤ ክስ ያስተማረው ይህን ነው። ቅጹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ከኔ በቀር ከዚያ እስከ ወረታ ድረስ የሚያነብለት ሰው ይገኝ እንደሆን እንጃ። «ከላይ ጀምር» አለኝ። ስሜን አነበብሁለት። የሱን ስም አነበብሁለት። ውጤቴን ነገርሁት። አንደኛው መስመር ላይ ስደርስ ቆምሁ።

«እዚህ ላይ ምን ይላል?»

እናቴ ጓዳ እህል ታበጥራለች፤ የሰፌዱ ድምፅ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። ቢቆጣ ቢቆጣ ስንት ቀን ይቆጣል? ግን ምሳ ላይ የሳቀውን ሳቅ አሰብሁ።

«ሕግ ይላል» አልሁት።

ጎንበስ አለ። ጣቱን ከቃሉ ሥር አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ወሰደው። «ሕግ እንዲህ ነው የሚጻፍ?» አለ። «ያምራል።» ከብዕሬ ቀለም አንጠባጠብሁለት፣ አውራ ጣቱን ነክሮ ተጫነው። ጣቱ በእርፍ ብዛት የተሰነጣጠቀ ስለነበር አሻራው ድፍን አልወጣም፣ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የታየ። ይበቃል አልሁት።

ስሌቴ ቀላል ነበር። ቅጹን ሰጥቼ ሐረር እገባለሁ፤ አራት ዓመት ሲያልፍ ዲግሪ ይዤ ስመጣ፣ ዲግሪው ምን እንደሚል ማን ይጠይቀኛል? አባቴን ግን አላወቅሁትም። አባቴ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ለዘመድ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረ። ከቤት ወጥቼ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ «ዳኛው፣ እንደምን አደርህ» ይለኛል ሰዉ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በጨርቅ የተጠቀለለ የውርስ ወረቀታቸውን አምጥተው፣ «ስትመለስ ታይልኛለህ» ብለው እጄ ላይ ሊያስቀምጡት ነበር። ስመለስ ምን እንደምላቸው ሳላስብ «እሺ» አልኋቸው።

ወሬው ወንዙን ተሻግሮ የአባቴ የአጎት ልጅ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው ሰባት ዓመት ሽማግሌ ቢላክበት እምቢ ያለ ነው። አሁን እሱ ራሱ ሽማግሌ ላከ። «ሥጋዬ ነው፣ እንታረቅ» አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ተነሣ፣ ከዚያ እንደገና ቁጭ አለ። «አየህ?» አለኝ። «ገና ሳትሄድ! ገና ስሙን ሲሰማ!» የሽምግልናው ቀን ወደ ጎንደር ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ሆነ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እህል አልወርድልህ አለኝ። እናቴ ናፍቆት ነው ብላ ታዝናለች። ብዙ ጊዜ አባቴን ለብቻው ላገኘው ተከትየው ወጥቻለሁ። ከብቶቹ ዘንድ አገኘዋለሁ፤ ዞር ሲል ፊቱ ብርሃን ነው። በሰባት ዓመት እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። «ምነው?» ይለኛል። «ምንም» እለዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ነው። አምስት ናቸው። ዋናው ከቁሐር ሚካኤል የመጡ ቄስ ነበሩ፤ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። አባቴ በአንድ በኩል፣ ባላጋራው በሌላ በኩል፣ እኔ ከአባቴ ኋላ ቆሜአለሁ። የአጎቱ ልጅ ቀጭን፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። ብዙ ሳያስለፍፋቸው፣ «መሬቱን መሐል ለመሐል እንክፈለው፣ የድንበር ድንጋይ ዛሬውኑ ይተከል» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ አቀርቅሮ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። እኩሌታው ማለት ሽምብራችን ማለት ነበር፤ ለክሱ ወጪ ከሁለት አንዱ በሬ እንዳይሸጥ ማለት ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ።

«ግን» አለ ሰውየው፣ «ይህን የማደርገው ለልጁ ብዬ ነው። ነገ ዳኛ ሆኖ ሲመጣ ለኔም ዘመዴ ነው። ሕግ መግባቱን ከራሱ አፍ ልስማው።»

ቄሱ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የአባትህ ቃል በበቃ ነበር። ሰውየው ካንተ ልስማ ካለ ግን ቅረብና መስቀል ተሳለም፣ ተናገርና እንገላገል።»

ቀረብሁ። መስቀሉን ተሳለምሁ። «ኮሌጅ እገባለሁ፣ አባ» አልሁ።

«ኮሌጅ መግባቱንማ ሰማን» አለ የአጎቱ ልጅ። «ምን ሊማር? ከርሞ መጥቶ እንደኛው ጭቃ የሚረግጥ ከሆነማ ምን አደከመው? ገበሬ እንደሆን እዚህ ሞልተናል!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ደስታው ነው ያሳቀው፣ በኔ ላይ አልነበረም፤ ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ያ የምሳው ሳቅ ነው የመሰለኝ።

«እርሻ ነው የምማረው!» አልሁ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጮኸ። «ሕግ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እርሻ ነው!»

ይህን ታሪክ ሳወራ ብዙ ዘመን፣ መስቀሉን ፈርቼ እውነቱን ተናገርሁ እል ነበር። ውሸት ነው። መስቀሉን ስሜም ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቱን ያናገረኝ ንዴት ነው።

አባቴ ተነሣ፣ ወደኔ ዞረ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እጁ አልተነሣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለብቻችን እንደሆንን ሁሉ፣ «አንብበህልኝ የለም እንዴ?» አለኝ።

የአጎቱ ልጅ ነጠላውን አጣፋ። «እንግዲያውስ ሽማግሌዎች፣ እኔም ላስብበት» ብሎ ተነሣ። ማንም አልያዘውም። አባቴ ቄሱ እጅ ላይ ያለውን መስቀል ተሳለመና፣ «አባቶቼ፣ አድክሜአችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። ከዚያ ውኃው ውስጥ ገባ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እስከ ቤት ድረስ ውኃውን እየረገጥን ሄድን። እናቴ ፊታችንን አይታ ያቀረበችውን ምግብ መልሳ አነሣችው።

ሁለት ቀን እንዲያ ሆነ። አባቴ ከብት ያያል፣ ገመድ ይፈትላል፣ እኔ ባለሁበት አይቀመጥም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቅጹን ከመጽሐፉ ውስጥ አወጣሁት። ቀድጄው እዚሁ አስተማሪ ልሆን ነበር። ልቤ ቆርጦ ነበር። እናቴን ደስ አሰኛለሁ፣ አባቴም ቀስ በቀስ ይረሳው ይሆናል ብዬ ነው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፌ ልቀደው ስል አባቴ በር ላይ ቆሟል።

«አምጣው» አለኝ። ሰጠሁት። መደቡ ላይ ተቀመጠና ዘረጋው። «እርሻ የሚለው የቱ ነው?»

አሳየሁት። ያው ያምራል ያለው ቃል ነው።

«ከሥሩስ?»

«ባዶ ነው፣ አባባ። ሁለተኛ ምርጫ ነው።»

«እርሻው እንቢ ቢልህ ማለት ነው? እዚያ ላይ ሕግ ብለህ ጻፍበት።»

ብዕሬን አወጣሁ። በእውነት ሕግ ነው የጻፍሁ፤ እያንዳንዷን ፊደል እያጠራሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። «ጻፍሁት» አልሁ። «ሕግ ነው። እውነቴን ነው አባባ፣ ሕግ ነው።»

አባቴ ሁለቱን ቃላት አስተያየ። ላይኛውን አየ፣ ታችኛውን አየ።

«በምን አውቀዋለሁ?» አለ።

ቁጣ አልነበረበትም። ተቆጥቶ ቢሆን እለምነው ነበር፣ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ መንገድ ካለ እንዳሳየው። መንገድ አልነበረም። ወረቀቱን መለሰልኝና፣ «ሂድ፣ እንዳይዘጋብህ» አለ። ስወጣ መረቀኝ። ምርቃቱ አጭር ነበር፤ ዓይኑን ወደ ሜዳው አድርጎ ነው የመረቀኝ።

የተሰጠኝ አንደኛው ምርጫዬ ነው። ሐረር ስደርስ ደስታዬ ሙሉ አልሆነልኝም፣ ግን ተማርሁ። ያችን ቀንድ አውጣ በመስተዋት አጉልቼ ያየሁበት ቀን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አጎንብሼ እያየሁ፣ ለዚች ነው ወይ ያን ሁሉ ያፈረስሁ አልሁ። ነው ብዬ ለመመለስ የደፈርሁት ብዙ ቆይቼ፣ አገሬ ገብቼ ከብት ሳክም ነው። ያን ዓመት ግን ምንም አላውቅም ነበር። የማውቀው ከአባቴ ጋር መታረቅ እንዳለብኝ ብቻ ነው። በየወሩ ደብዳቤ ጻፍሁለት፣ በአማርኛ፣ በቀላሉ እንዲነበብለት በትልልቁ። አንዳች አልደበቅሁትም። ኬሚስትሪ ፈተና መውደቄን ጻፍሁለት። ታምሜ መተኛቴን ጻፍሁለት። ከጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ ጥፋቱ የኔ እንደነበር ሳይቀር ጻፍሁለት።

በክረምቱ ዕረፍት ወረታ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ለአባቴ የክስ ማመልከቻ የሚጽፍለት ራፖር ጸሐፊ ከተቀመጠበት በረንዳ ጠራኝ። አቀፈኝ፣ ከጎኑ አስቀመጠኝ።

«አባትህ እንዴት ያለ ልጁን የሚወድ ሰው ነው!» አለኝ። «ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ቄሱ ዘንድ ወስዶ ያስነብበዋል። ከዚያ በማግሥቱ ወደኔ ያመጣዋል። ቄሱ እንዳነበቡለት አይነግረኝም፣ እኔም እንዳወቅሁ አልነግረውም። አንዲት ቃል ሳያመልጠው ያዳምጠኛል። ፈተና ወደቅሁ ያልህባት ጊዜማ፣ ገና ሳልደርስባት፣ ‹ወድቄአለሁ የሚል አለበት?› ብሎ ጠየቀኝ። ናፍቆት ነው መቼስ!»

ሰውየው ይስቅ ነበር። እኔ ግን አባቴ በሰባት ዓመት ክርክሩ አንድን ወረቀት እንዲያ አድርጎ ሁለት ቦታ የሚያስነብበው ከባላጋራው ወገን የመጣ እንደሆነ ብቻ መሆኑን አውቅ ነበር።